የሚያስመኝ መጽሐፍና የሚያሠራ መጽሐፍ፦ የኒዮክላሲካል ሕንፃን ምንጭ ለማወቅ የትኛውን ልክፈት?

ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የግሪክ ዓምድ ብርቅ አይደለም። ኒዮክላሲካል የሚባለው፣ የጥንት ግሪክንና ሮምን የሚከተለው የሕንፃ ስልት ከተማውን ሞልቶታል። ፍርድ ቤቱ ዓምድ አለው፣ ሙዚየሙ ዓምድ አለው፣ ባንኩም አይቀርበትም። እኔም ለዓመታት ቀና ብዬ ሳላያቸው አልፌያቸዋለሁ። ጥያቄው የመጣብኝ ዘግይቶ ነው፦ አቴንስን ቀርቶ ሮምን እንኳ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ይህን ሁሉ ዓምድ በምን አውቀው አቆሙት? መልሱ «ከመጽሐፍ» ነው። ከየትኛው መጽሐፍ የሚለው ሲከተል ግን ነገሩ ይበዛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በለንደን፣ በፓሪስና በሮም የታተሙትን ባለሥዕል የሕንፃ መጻሕፍት ለማወቅ የተነሣ ጀማሪ ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። ዛሬ አብዛኞቹ ገጽ በገጽ ተነሥተው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስለሚገኙ ችግሩ ማግኘት ሳይሆን መምረጥ ሆኗል።

ከዚህ በታች አራቱን አነጻጽራለሁ፤ የፓላዲዮን፣ የጊብስን፣ የስቱዋርትና ሬቬትን፣ የአሸር ቤንጃሚንን። ሌሎችን በመንገዴ ላይ ነካ አድርጌ አልፋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምለይበት ሚዛን አንድ ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ ያስመኛል፣ አንዳንዱ ያሠራል። የሚያስመኘው ፍርስራሹን ከነቁጥቋጦው፣ ከነጥላው ያሳይና ባለጠጋውን «እኔም እንዲህ ያለ ቤት ይኑረኝ» ያሰኘዋል። የሚያሠራው ቁጥር ይሰጣል። ግንበኛ ወይም አናጢ በውብ ሥዕል ብቻ ዓምድ አያወጣም። ከታች ስንት ይወፍራል፣ ከላይ ስንት ይቀጥናል፣ የአናቱ ጌጥ ከፍታ ስንት ነው የሚለውን ካላወቀ እጁ አይንቀሳቀስም። የጥንቱ ሮማዊ ቪትሩቪየስ ይህን ሁሉ በቃል ጽፎታል፤ ሥዕሎቹ ግን ጠፍተው ጽሑፉ ብቻ ነበር የተረፈው። ፍራ ጆኮንዶ በ1511 ቬኒስ ላይ ከእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ጋር እስኪያሳትመው ድረስ አንባቢው ዓምዱን በሐሳቡ ነበር የሚያቆመው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ ዘዴ ሞጁል ነው። በዘመኑ የፓሪስ ጫማ ከለንደን ጫማ፣ የሮም መለኪያ ከቪቼንዛ መለኪያ አይገጥምም ነበር። ጣሊያናዊው አርክቴክት ቪኞላ በ1562 ባሳተመው መጽሐፍ የዓምዱን የታችኛ ውፍረት ግማሽ አንድ ሞጁል አለና ሌላውን ሁሉ በዚያ ሰፈረ። ስለዚህ መጽሐፉ የትም አገር ቢሄድ ልኩ አይዛባም። ሠሪው የራሱን የአገሩን መለኪያ ይዞ አንድ ውፍረት ከመረጠ ቀሪው በማባዛትና በማካፈል ይወጣል። እኔ ስልቱ አትላንቲክን የተሻገረው ከውበቱ ይልቅ በዚህ ስሌት ነው ባይ ነኝ።

(የታተመ ሥዕል ባሕር ተሻግሮ የሩቅ አገር ሰው እጅ ሲመራ ለእኛም እንግዳ ታሪክ አይደለም። በ1591 ገደማ ሮም ላይ የታተመ ባለሥዕል የዓረብኛ ወንጌል ኢትዮጵያ ደርሶ፣ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች የእንጨት ቅርጾቹን አይተው ብራና ላይ በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው ፊት መልሰው ሥለውታል። ለዚህ ዓረብኛውን ማንበብ አላስፈለጋቸውም።)

ፓላዲዮ፦ አንድ ብቻ ለሚያነብ

ጣሊያናዊው አርክቴክት ፓላዲዮ ሥራ የጀመረው በድንጋይ ጠራቢነት ነው፤ መጽሐፉም ይህን አይደብቅም። «አራቱ የሥነ ሕንፃ መጻሕፍት» በ1570 ቬኒስ ላይ ታተመ። አንደኛው ስለ ግንባታ ዕቃና ስለ አምስቱ የዓምድ ሥርዓቶች (ማለት የዓምድ ዓይነቶች ከነልካቸው)፣ ሁለተኛው ስለ መኖሪያ ቤቶች፣ ሦስተኛው ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ አደባባይ፣ አራተኛው ስለ ጥንታውያን ቤተ መቅደሶች ነው። በሁለተኛው ውስጥ ያሉት ቤቶች ብዙዎቹ የራሱ ሥራዎች ናቸው። ጥንታውያንን ከራሱ ሥራ ጋር በአንድ ጥራዝ ማሰር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ ለገበያው ግን ብልኅ ነገር ነበር።

ሥዕሎቹ የተቀረጹት በእንጨት ነው። የእንጨት ቅርጽ ከፊደሉ ጋር በአንድ ማተሚያ ስለሚገባ ሥዕሉና ማብራሪያው አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፣ መለኪያውም በራሱ በሥዕሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኋላ የመጡት የመዳብ ሰሌዳ መጻሕፍት የበለጠ ረቂቅ መስመር አላቸው፤ ሰሌዳው ግን የተለየ ማተሚያ ስለሚፈልግ ሥዕሉ በአንድ ወገን፣ ጽሑፉ በሌላ ወገን ይታሰራል። አንባቢው ጣቱን በሁለት ቦታ ሰክቶ ሲያገላብጥ ይውላል። ለጀማሪ ፓላዲዮን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ተራ የሚመስል ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፓላዲዮ የራሱን ቤቶች ሲያሳይ የተሠሩትን ሳይሆን እንዲሆኑ የሚመኛቸውን ነው የሚያሳየው። ቪቼንዛ አጠገብ ያለችው ሮቶንዳ የተባለች ቤት በመጽሐፉ ላይ ሙሉ ግማሽ ክብ ጉልላት ተሸክማለች፤ የቆመችው ግን ዝቅ ያለ ጉልላት ነው ያላት። መጽሐፉን ብቻ ያየ ሰው የገለበጠው እንግዲህ ያልተሠራውን ቤት ነው።

ማን አነበበው ለሚለው፣ እንግሊዛዊው ኢኒጎ ጆንስ ቅጂውን ይዞ በ1613ና በ1614 ጣሊያን ውስጥ እየዞረ በጠርዙ ላይ ማስታወሻ ሲጽፍ ነበር፤ ያ ቅጂ ዛሬም ኦክስፎርድ አለ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቶማስ ጄፈርሰን ነው። ጄፈርሰን ፓላዲዮን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚቆጥረው አንድ ወዳጁ በ1816 በደብዳቤ ጽፏል። ሰውየው በ1787 ሰሜን ጣሊያን ገብቶ ነበር፤ ሮምንም ሆነ ቪቼንዛን ሳያይ ተመለሰ። ቢሆንም ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሠራው ክብ ሕንፃ የሮሙ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ፓንቴዮን ነው፤ የመሐል ስፋቱ በግማሽ ተቀንሶ ከፓላዲዮ ገጽ ላይ የተነሣ ፓንቴዮን። የሪችመንዱ የቨርጂኒያ ምክር ቤትም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። አብነቱ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኒም ከተማ ያለው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ሲሆን፣ የቤተ መቅደሱን ልክ ሠዓሊው ክሌሪሶ በ1778 አሳትሞት ነበር። ጄፈርሰን ከክሌሪሶ ጋር ንድፉን ጨርሶ በ1786 ወደ አሜሪካ ላከ። ኒም ሄዶ ሕንፃውን በዓይኑ ያየው በማግስቱ ዓመት ነው። ያኔም ፍቅረኛውን እንደሚመለከት ሰው ሰዓታት ሙሉ ፈዝዞ መቆየቱን ለአንዲት ወዳጁ ጽፎላታል። አስቀድሞ በወረቀት አግብቷት ነበር ማለት ነው።

ፓላዲዮ የማይሰጠው ነገር ግሪክን ነው። የለካው የሮማውያንን ፍርስራሽ ነው፤ ስለዚህ የእሱን ዓምድ ከአቴንስ ዓምድ ጋር ያምታታ አንባቢ ኋላ ይቸገራል።

በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሦስት ምርጫ አለ። የሊዮኒ እትም ከ1715 ጀምሮ የወጣ ሲሆን ሥዕሎቹ በመዳብ ተቀርጸው ያማሩ ናቸው፤ ሊዮኒ ግን ፓላዲዮን «አስተካክሎታል»። ጄፈርሰን የተጠቀመው ይህንኑ ስለሆነ የአሜሪካን ሕንፃ ለሚያጠና ሰው ስህተቱ ራሱ ማስረጃ ነው። የአይዛክ ዌር የ1738 ትርጉም ለምንጩ ታማኝ ነው፤ ርካሽ ዳግም እትምም አለው። በ1997 በኤምአይቲ ፕሬስ የወጣው አዲሱ ትርጉም ለንባብ ከሁሉም ይቀላል። እኔ ብጠየቅ አዲሱን ለማንበብ፣ ሊዮኒን ለማየት እላለሁ።

ጊብስ፦ ለባለርስቱ

ጄምስ ጊብስ በ1728 ያሳተመው «የሥነ ሕንፃ መጽሐፍ» የሚያስተምር አይደለም፤ የሚያስመርጥ ነው። 150 የመዳብ ሰሌዳዎች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መኖሪያ ቤት፣ የአትክልት ስፍራ ቤት፣ የምድጃ ፊት፣ የመቃብር ሐውልት፣ ሁሉም የራሱ ንድፍ። በመግቢያው ላይ መጽሐፉ በሩቅ አውራጃ ለሚኖሩና ንድፍ የሚያወጣላቸው ባለሙያ ለማያገኙ ሰዎች እንደሚጠቅም በግልጽ ተናግሯል። ዋጋው 4 ጊኒ (የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ) ነበር፤ 481 ሰዎች አስቀድመው ተመዝግበው ገዝተውታል። ጊብስ ከሽያጩ 1,500 ፓውንድ ካተረፈ በኋላ ሰሌዳዎቹን ደግሞ በ400 ፓውንድ ሸጧቸዋል። ንድፍ እንዲህ በጥራዝ ተሽጦ ሲያተርፍ ሌላው አርክቴክት ዝም ብሎ አላየም።

ጊብስ ሮም ውስጥ በባሮክ (ጌጥ በሚያበዛው ስልት) መምህር እጅ የተማረ ስለሆነ ጥብቅ ኒዮክላሲካል አይባልም። ቢሆንም የለንደኑ የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን፣ ከፊቱ በዓምዶች የተያዘ የቤተ መቅደስ በረንዳ፣ ከጣሪያው ላይ የደወል ማማ፣ በዚህ መጽሐፍ አማካይነት ዓለምን ዞረ። ቻርልስተን ደረሰ። በ1787 ኮልካታ፣ በ1821 ቼናይ ደረሰ። ከሁሉ የምወደው የፕሮቪደንሱ የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። ጊብስ ለቅዱስ ማርቲን ካሰባቸው ማማዎች መካከል ለንደን ያልተሠሩትንም በሰሌዳ ቀርጾ አስገብቷቸው ነበር፤ በ1775 የሮድ አይላንድ ሰዎች ከእነዚያ አንዱን መርጠው ሠሩት። ለንደን የጣለችውን ፕሮቪደንስ አነሣችው።

ዛሬ ይህን መጽሐፍ የሚከፍት ሰው ብዙ አያነብም፤ ያገላብጣል። የአንድን የቅኝ ግዛት ዘመን ቤተ ክርስቲያን ወይም የርስት ቤት ምንጭ እየፈለጉ ከሆነ ከፓላዲዮ በፊት ይክፈቱት። ሕግና ምክንያት ከፈለጉ ግን ከ4 ዓመት በኋላ ያወጣው ስለ ዓምድ አሣሣል የሚናገረው መጽሐፉ ይሻላል፤ እዚያ ክፍልፋይ ቁጥር እንዳያስቸግር ሁሉን እኩል ክፍሎች እያደረገ ያሳያል።

በነገራችን ላይ የአሜሪካው ካፒቶል የመጀመሪያ ንድፍ አውጪ ዊልያም ቶርንተን ሐኪም ነበር። በ1789 ለፊላደልፊያ ቤተ መጻሕፍት ንድፍ አቅርቦ ስላሸነፈበት ሁኔታ ሲናገር፣ መጻሕፍት ፈልጎ ጥቂት ቀናት ከሠራ በኋላ እንዳቀረበው ይገልጻል። ጥቂት ቀናት! ባለሙያዎቹ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም።

አቴንስን ከሁለት መጽሐፍ

እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ምርጫ ያለው። ጄምስ ስቱዋርትና ኒኮላስ ሬቬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1751 አቴንስ ገብተው ዓመታት ፈጅተው ለኩ። ፈረንሳዊው ጁልየን ዳቪድ ለሯ ከእነሱ በኋላ ደርሶ፣ አቴንስ ውስጥ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፣ በ1758 ቀድሟቸው አሳተመ። የእንግሊዛውያኑ የመጀመሪያ ጥራዝ «የአቴንስ ቅርሶች» በሚል ርእስ በ1762 ሲወጣ ውስጡ ለለሯ ስህተቶች የተሰናዳ የሰላ ትችት ነበረበት። የተቀደመ ሰው ንዴት በየገጹ ይሸታል፤ እኔ እንዲያውም ያን ማንበብ ያዝናናኛል።

ለሯ መጽሐፉን ለሁለት ከፍሎታል፤ በአንዱ ወገን የቦታው እይታና ታሪክ፣ በሌላው የሕንፃው ልክ። እይታዎቹ ለዓይን የተመቻቹ ናቸው፤ ልኮቹ ግን አያስተማምኑም። እሱ ሊያሳይ የፈለገው ሐሳብን ነው፤ የዓምድ ረድፍ ሰው ሲራመድ እንዴት እንደሚለዋወጥበት፣ የግሪክ ጥበብ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንዳደገ። ስቱዋርትና ሬቬት ኢንችን በአስርዮሽ እየከፋፈሉ ይጽፋሉ። በየምዕራፉ መግቢያ ላይ ደግሞ ስቱዋርት ቦታው ላይ ቆሞ የሣለው እይታ አለ፤ ፍርስራሹ መሐል የኦቶማን ዘመን ቤቶች፣ ግንቦች፣ ሰዎች ሳይታረሙ ይታያሉ። ከውቡ ሐሰት ይልቅ ይህ ይማርከኛል።

በ1762ቱ ጥራዝ ውስጥ የአቴንስን ታላቅ ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖንን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ጥራዙ የያዘው ትንንሾቹን ነው፤ የነፋሳትን ግንብ፣ የሊሲክራቴስን ሐውልት፣ በኢሊሶስ ወንዝ ዳር የነበረውን አዮኒክ (የዓምዱ አናት እንደ ጥቅልል የተጠማዘዘ) ቤተ መቅደስና የመሳሰሉትን። ፓርተኖን የመጣው የርእስ ገጹ 1787 በሚለው፣ በተግባር ግን ስቱዋርት በ1788 ካረፈ በኋላ በወጣው ሁለተኛ ጥራዝ ነው። ይህ መዘግየት በከተሞች ላይ ይነበባል። የነፋሳት ግንብ ኦክስፎርድ ላይ የኮከብ መመልከቻ ጫፍ ሲሆን በ1794 ተጠናቀቀ። የሊሲክራቴስ ሐውልት ኤድንብራ ኮረብታ ላይ፣ ፊላደልፊያ የነጋዴዎች ቤት አናት ላይ፣ ናሽቪል የቴነሲ ምክር ቤት ጣሪያ ላይ ወጣ። አቴንስ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ የማያየው ትንሽ ሐውልት ይህን ያህል ልጆች ያፈራው መጀመሪያ የታተመ በመሆኑ ይመስለኛል። የኢሊሶሱ ቤተ መቅደስ ደግሞ በ1778 ለከተማ ቅጥር ድንጋይ ሲባል ፈረሰ፤ ዛሬ የምናውቀው በዋናነት በእነዚህ ሰሌዳዎች ነው።

ለሚያስመኘው ለሯን፣ ለሚያሠራው ስቱዋርትና ሬቬትን ይምረጡ። አንዱን ብቻ ካሉኝ ያለማመንታት ሁለተኛውን እሰጣለሁ፤ ሁለቱን ጥራዞች ግን አብረው ካላዩ ዋናው ነገር ያመልጥዎታል።

በዚሁ ጎራ ፒራኔዚ፣ ሮበርት ዉድና ሮበርት አዳም አሉ። ፒራኔዚ የሮምን ፍርስራሽ ከጉንዳን ባነሱ ሰዎች አጅቦ ተራራ አስመስሎ ያሳያል፤ ምኞትን በመቀስቀስ ማንም አይደርስበትም፤ በእሱ ተመርቶ ግን ግድግዳ ማቆም አይቻልም። ዉድ ስለ ሶርያዋ ጥንታዊ ከተማ ስለ ፓልሚራ ያወጣው መጽሐፍ (1753) ለጣሪያ ጌጥ ፈላጊ ጥሩ ነው። አዳም በ1757 የዲዮቅልጥያኖስን ቤተ መንግሥት በ5 ሳምንት አስለክቶ በ1764 ሲያሳትም ዋና ዓላማው ራሱን ማስተዋወቅ ነበር፤ ተሳክቶለታል።

ቤንጃሚን፦ ለአናጢው

እስካሁን ያየናቸው መጻሕፍት የተገዙት በአብዛኛው በመኳንንትና በባለርስት ነው። የኒው ኢንግላንድ አናጢ አራት ጊኒ ከየት አምጥቶ? በ1775 የኤብርሃም ስዋን መጽሐፍ ፊላደልፊያ ላይ እንደገና ታትሞ አሜሪካ ውስጥ የታተመ የመጀመሪያው የሕንፃ መጽሐፍ ሆነ፤ እሱም ቢሆን የእንግሊዝ ነበር። በ1797 ግን ከአናጢነት የተነሣው አሸር ቤንጃሚን ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኝ ግሪንፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ የራሱን አሳተመ። በ1806 ከአንድ የልስን ባለሙያ ጋር ሆኖ «የአሜሪካ ግንበኛ ጓደኛ» የተባለውን ጨመረ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ ነው። በመግቢያው የፓላዲዮንና የእንግሊዛዊውን የላንግሊን ፈለግ የለመዱ ሽማግሌ ሠራተኞች አዲሱን መንገድ በግድ እንደሚቀበሉት ያውቅ ነበርና አስቀድሞ ይነግራቸዋል።

ቤንጃሚን የሚያስበው በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት ነው። እንጨት ስለማይከብድ ዓምዱን ያቀጥነዋል፤ ጌጡን አናጢው በመላጊያ ሊያወጣው በሚችል ቅርጽ ይሠራዋል፤ ደረጃና የደረጃ መደገፊያ እንዴት እንደሚጠመዘዝ ያሳያል። ሥዕሎቹን ከስቱዋርት ሰሌዳ አጠገብ ካስቀመጧቸው ደረቅ ናቸው፤ እኔ ግን ከአራቱ ሁሉ የሚያኮራው ይህ ነው ባይ ነኝ። የመንደር ቤት በር ላይ ያለ ቀጭን ዓምድ፣ የነጭ እንጨት ቤተ ክርስቲያን፣ ከበር በላይ ያለ የማራገቢያ ቅርጽ መስኮት ምንጩ አቴንስ ሳይሆን ይህ ገጽ ነው። እትሙን ግን ያጣሩ፦ የግሪክ ዓምዶች በስፋት የገቡት በ1827ቱ 6ኛ እትም ነው። ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው ዳግም እትም የተወሰደው ከዚሁ ስለሆነ፣ የ1806ቱን አሳብ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን እትም ፍለጋ ይግባ።

ሕንፃው ፊት ቆመው ሲመርጡ

የትኛውን መጽሐፍ እንደሚከፍቱ ሕንፃው ራሱ ይነግርዎታል። ጌጥ የሌለው፣ አናቱ ክብ ትራስ የመሰለ የዶሪክ ዓምድ ካለ ፎቶ ያንሡና የዓምዱን ቁመት ለታችኛ ውፍረቱ ያካፍሉ። ውጤቱ 5 ተኩል አካባቢ ከሆነና ዓምዱ ያለ እግር በቀጥታ ወለሉ ላይ ከቆመ የፓርተኖን ልክ ነው፤ ስቱዋርትንና ሬቬትን ይክፈቱ። ከ7 ተኩል እስከ 8 ከሆነና እግር ካለው የሮም ወገን ነው፤ ፓላዲዮ ወይም ጊብስ። 9 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በጣትዎ ሲያንኳኩት እንጨት ከሆነ ቤንጃሚን።

ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ቅጂዎች ሲጠቀሙ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ትልልቆቹ ሰሌዳዎች ታጥፈው የታሰሩ ስለሆኑ አንዳንዱ ቅጂ ሳይዘረጉ የተነሡ ናቸው፤ ግማሽ ዓምድ ካዩ የሌላ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ይፈልጉ። ሁለተኛው መጠን ነው። ስክሪን ላይ ጊብስም ቤንጃሚንም እኩል ይመስላሉ። አንዱ ጠረጴዛ የሚሞላ፣ ሌላው ሥራ ቦታ ይዘውት የሚሄዱት መሆኑ አይታይም፤ ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱን መግለጫ ከፍተው የገጹን ቁመት ያንብቡ።

እኔ ይህን ፈተና የሞከርኩት ፊላደልፊያ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ ባንክ በ1819 ተጀምሮ በ1824 ያለቀ ሲሆን፣ አርክቴክቱ ዊልያም ስትሪክላንድ ፓርተኖንን የወሰደው ከስቱዋርትና ሬቬት ነው። ሰሌዳውን አትሜ ሄድኩ። ከፊት 8 ዓምዶች፣ ያለ እግር፣ ወፍራም፤ ወረቀቱና ድንጋዩ አንድ ናቸው። ዞሬ ወደ ጎኑ ሄድኩ። ፓርተኖን በዙሪያው ዓምድ ነው፤ ባንኩ ግን በጎኑ አንድም የለውም፤ ልሙጥ ግድግዳና የመስኮት ረድፍ ብቻ። ዓምድ ቢደረደር ወጪው ይበዛል፣ ውስጥ ተቀምጠው ገንዘብ ለሚቆጥሩትም ብርሃን አይደርሳቸውም።